ብርድ ብቻውን አይበቃም



«ሐይቅና አምባሰል ብርድ አገር ነው፤ ለኮምፒዩተር ማቀዝቀዣ ምን ያደርግለታል?» የሚሉን አሉ። እኛም አስቀድመን እንዲሁ እናስብ ነበር። ነገር ግን ሙቀቱ የሚወጣው ከመኪናው ከራሱ ነው። በአዲስ አበባ አይ.ሲ.ቲ. ፓርክ ባሉት የመረጃ ማዕከሎች መኪናዎቹ ሌሊትና ቀን ይሠራሉ፤ ለእንዲህ ያሉ መኪናዎች የሚገባው አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን ይመከራል። የደጋ ብርድ በዚህ ይረዳል፤ ዳሩ ግን የደጋ አየር ስስ ስለ ሆነ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል፤ ቬንትሌተሩም አብዝቶ መንፋት አለበት።

ሁለተኛው ጠላት እርጥበት ነው። እርጥብ አየር በቀዘቀዘ ብረት ላይ ሲያርፍ ጤዛ ይሆናል፤ ጤዛም ያዝጋል። የሚሠራ መኪና በራሱ ሙቀት ይደርቃል፤ በክረምት ዕረፍት ተዘግቶበት የከረመው ግን እርጥበት ይጠጣል።

እንግዲህ ማጣሪያውን ከአቧራ እናጽዳ፤ የማቀዝቀዣው ውሃ የሚወርድበትን ቱቦ እንጥረግ፤ የእርጥበት መለኪያውን ጧትና ማታ እናንብብ፤ በጉም ጊዜ መስኮት አንክፈት።

የሐይቅ እስጢፋኖስ አባቶች ከ13ኛው መቶ ዓመት የመጣ ብራና ለዘመናችን ያደረሱት በትጋት ነው። እኛ ዘንድሮ እንሰናበታለን፤ የኮምፒዩተሩ ክፍል ቁልፍ ግን በእናንተ እጅ ይቀራል። የታናናሾቻችሁ የትምህርት መዝገብ በዚያ ነውና፣ አደራ!