የልክ ትምህርትና የሟሟ ነገር ብርታት

በሐዲያና በከምባታ ከተሞች ለሚገኙ አስተማሪዎችና ሽማግሌዎች የተነገረ



ልክን የማያውቅ ሕዝብ የለም። በሆሳዕና ገበያም ሆነ በዱራሜ፥ በሺንሺቾም ሆነ በአንጋጫ፥ የሚሸጥና የሚገዛ ሁሉ በጣሳ፥ በኩባያ፥ በስንዝርና በክንድ ሲለካ የኖረ ነው። ስለዚህ ሊትርና ግራም ከሌላ አገር እንደ መጡ እንግዶች ሆነው በሰሌዳ ላይ ብቻ ቢጻፉ፥ ልጁ ቃሉን ይሸመድዳል እንጂ ነገሩን አያውቀውም። አስተማሪው አስቀድሞ በቤቱ የሚለካበትን ዕቃ በሐዲይኛ ወይም በከምባትኛ ምን ብሎ እንደሚጠራው ልጁን ይጠይቅ፤ ከዚያም ያንኑ ዕቃ አስመጥቶ ስንት ሊትር እንደሚይዝ በልጁ በራሱ እጅ ያስለካው። የአንዱ ቤት ጣሳ ከሌላው ቤት ጣሳ ጋር እኩል አለመሆኑን ያን ጊዜ ማንም ሳይነግራቸው ያዩታል።

ከልክ ትምህርት ሁሉ ጀማሪውን አብዝቶ የሚያስቸግረው የሟሟ ነገር ብርታት ነው። ይኸውም ከጠቅላላው ፈሳሽ ውስጥ ስንቱ እጅ የተጨመረው ነገር እንደ ሆነ ማወቅ ነው። እናት ጨው በበዛበት ወጥ ላይ ውሃ ስትጨምር ጨዉን አልቀነሰችውም፤ ጨዉ እንዳለ ነው፥ ጣዕሙ የላላው ወጡ ስለ በዛ ነው። ይህን በውል የተረዳ ልጅ የቀረውን ሂሳብ ሳይቸገር ይደርስበታል።

ምሳሌው በረኪና ይሁን። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ በረኪናን በውሃ መበጥበጥ የብዙ ሰው ሥራ ሆኖ ነበር። በጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ፥ በ1 ሊትር ውስጥ 50 ግራም ገደማ አለ ማለት ነው። የሕመምተኛ ትውኪያ የነካውን ወለል ለማጽዳት 0.5 በመቶ ይፈለጋል። 5 ለ0.5 ሲካፈል 10 ይሆናል፤ ጀማሪውም እዚህ ላይ ይሳሳትና በ1 ሲኒ በረኪና ላይ 10 ሲኒ ውሃ ይጨምራል። ነገር ግን 10 የጠቅላላው ቁጥር ነው እንጂ የውሃው ብቻ አይደለም። በረኪናው ራሱ አንዱን ስፍራ ይዟልና ውሃው 9 ሲኒ ነው። እንዲሁም ለ0.05 በመቶ አንድ እጅ በረኪና ለ99 እጅ ውሃ ይሆናል፤ 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን 200 ሚሊ ሊትር በረኪና፥ የቀረው 19 ሊትር ከ800 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው። በአንዳንድ የጤና ጽሑፍ ላይ ከሚሊዮን 500 ተብሎ ቢገኝ ያው 0.05 በመቶ ነው፤ በመቶ የተሰጠው ቁጥር በ10,000 ሲባዛ ከሚሊዮን ስንት እንደ ሆነ ይነግራልና። (ልጆች ይህን ልምምድ በቀለም ውሃ ያድርጉት እንጂ በረኪና አይንኩ። በረኪናን ከሎሚ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀልም መርዘኛ ጋዝ ያወጣልና ክልክል ነው።)

በዚህ ሂሳብ ሲኒው ትንሽ ቢሆን ትልቅም ቢሆን፥ ዕቃው እስካልተለወጠ ድረስ ብርታቱ አይለወጥም። ሕፃን ተቅማጥ ይዞት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በሚበጠበጥበት ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ይህንንም ለይቶ ማስተማር ከሁሉ ይልቅ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ልክ መሠረት ለ1 ሊትር ውሃ የተዘጋጀው እሽግ 20.5 ግራም ነው፤ ከዚህ 13.5 ግራሙ ግሉኮስ የሚባል ስኳር፥ 2.6 ግራሙ የገበታ ጨው፥ የቀረው ሌሎች ጨዎች ናቸው። እሽጉ የተመዘነ ነውና ውሃውም በእውነተኛ ሊትር መለካት አለበት። በግማሽ ሊትር ቢበጠበጥ በሊትር 41 ግራም ይሆናል፤ ጨው የበዛበት መጠጥም ውሃን ከሰውነት ስለሚስብ የደከመውን ሕፃን ይጎዳዋል። በ2 ሊትር ቢበጠበጥ ደግሞ በሊትር 10.25 ግራም ብቻ ስለሚሆን ከሕፃኑ የወጣውን ጨው አይተካም። እናት በቅን ልብ በጣሳ ብትለካ፥ ጣሳው ስንት እንደሚይዝ ካልታወቀ ልጇ ከሁለቱ በአንዱ ይወድቃል።

ሊትር ስፍራን፥ ኪሎ ክብደትን እንደሚለካም ይነገር። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፤ 1 ሊትር ማር ግን 1 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ ይመዝናል።

ሕዝቡ ሃይላንድ ብሎ የሚጠራው የውሃ ጠርሙስ ልኩ ተጽፎበታልና መፈተኛ ይሆናል። የ1 ሊትሩን ውሃ ቤተ ሰቡ በሚገለገልበት ጣሳ ወይም ማሰሮ ገልብጦ፥ ውሃው በደረሰበት ላይ በምስማር ወይም በማይለቅ ቀለም ምልክት ማድረግ ነው። ሽማግሌዎች በየመንደሩ ይህ እንዲደረግ ቢያዙ፥ ሊትር ማንበብ የማትችል እናት እንኳ ምልክቱን አይታ በትክክል ትበጠብጣለች። የተበጠበጠውም ተከድኖ ይቀመጥ፤ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋና በአዲስ እሽግ ሌላ ይዘጋጅ።