ሕግ በአደባባይ ይውጣ!

የተከበራችሁ፣ በእንጦጦ ግርጌ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ የምትኖሩ የየካ መራጮች!

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ-ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652፣ ምንጩና የተገኘበት ዘዴ ያልተገለጸ የደህንነት ሪፖርት በፍርድ ቤት ማስረጃ እንዲሆን ፈቀደ። ዜጋ ከየት እንደመጣ በማያውቀው ወረቀት የሚፈረድበት በር ተከፈተ። አዋጁ የተሻረው በ2012 ዓ.ም. ነው። ለማጽደቅ የአንድ ቀን ድምፅ በቃ፤ ለመሻር ከ10 ዓመት በላይ ፈጀ።

ስለዚህ የደህንነት መሥሪያ ቤቱ በረቂቅ ሕግ ላይ ሐሳብ አይስጥ አንልም። በጽሑፍ፣ በቋሚ ኮሚቴ ፊት፣ ሕዝብ እየሰማ ይስጥ እንላለን። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት የምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ ነው። የስልክ ትእዛዝ በዚያ ውስጥ የለም። ብትመርጡን ይህን በምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ ለማስፈር እንታገላለን።

ድምፃችሁን ለግልጽ ሕግ ስጡ!