ከአርባ ዓመት በኋላ የሚጀመር መንገድ

(በመስጊዳችን ጀመዓ ፊት የተደረገ ንግግር)

  



ዛሬ የምናገረው ስለ መንገድ ነው፤ የወጣት መንገድ ግን አይደለም። ወደ ዐረብ አገር ስለሚሄደው ወጣት፣ ስለ ደላላውና ስለ በረሃው ብዙ ጊዜ ተናግረናል፤ ኢንሻአላህ ገና እንናገራለን። የዛሬው ነገር አርባን፣ ሃምሳን ካለፈ በኋላ «ከእንግዲህ አንድ ቦታ ተቀምጬ አልኖርም» ስለሚለው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በመካከላችን አለ። ልጆቹ አድገውለታል፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ጂዳ፣ አንዱ መተማ ነው። ጡረታው በባንክ ይገባለታል፤ ወይም ሱቁን ለወንድሙ ልጅ ትቶ በስልክ ያዝዛል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ደግሞ ገንዘቡ በመቀነቱ ሳይሆን በስልኩ ይጓዛል። ቤቱን አከራይቶ ሦስት ወር እዚህ፣ ሦስት ወር እዚያ እያለ ቢኖር ማን ይከለክለዋል? ጉዳዩ ለእኔም ሩቅ አይደለም። እኔም አርባዎቹ ውስጥ ነኝ፤ ደረሳ ሳለሁ የለመድኩት የመንገድ ሐሳብ አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣብኛል።

አንዳንዶች ይህን ኑሮ የዘመን አመጣሽ ያደርጉታል። ለእኛ ግን አዲስ አይደለም። በጎንደርና በበጌምድር «ነጋዴ» ሲባል ለረጅም ዘመን ሙስሊሙ ማለት ነበር። ስሙ የሙገሳ ስም አይምሰላችሁ። ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት ስለተከለከለ የቀሩለት ንግድና ሽመና ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተቀመጠው ጉባኤ ሙስሊሞች በጎንደር ከተማ ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ፤ የአዲስ ዓለም ሰፈር ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። መሬት የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? አህያውንና በቅሎውን ጭኖ ይወጣል።

የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ከምፅዋ ተነሥቶ በዐድዋ በኩል ጎንደር ይገባል። ከጎንደር ወደ እኛው ወደ ይፋግና ደሪጣ ይወርዳል፤ ከዚያም በጎጃም ባሶ ገበያ ውሎ ዓባይን ተሻግሮ እስከ እናርያ ይዘልቃል። ወደ ደቡብ ሲሄዱ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይጭናሉ፤ ሲመለሱ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ያመጣሉ። ሐቁን ለመናገር ባሪያም ይነዱ ነበር። የአባቶቻችንን መልካም ነገር እያነሣን ይህን ብንደብቅ ምስክርነታችን ጎዶሎ ይሆናል። ከኬላ ኬላ ቀረጥ እየከፈሉ፣ በየገበያው እያረፉ ሲጓዙ ደርሶ መልሱ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጅ ነበር። ክረምት ሲገባ ዓባይና ተከዜ ስለሚሞሉ ቅፍለቱ ይቆማል። በዚህ መንገድ ላይ ሽበት እንግዳ አልነበረም፤ ቅፍለቱን የሚመራው፣ ከኬላ ጠባቂው ጋር የሚከራከረው ሰው መንገድ ያበሰለው ሰው ነውና።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው። የደሪጣ ሰው ዓባይን ተሻግሮ ቢከርምም የደሪጣ ሰው ነበር። ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ የአባቱ ቀብር እዚያው ነው። ገመዱ ረዘመ እንጂ ከካስማው አልተፈታም።

ካስማው የተነቀለበት ጊዜም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካለፈ በኋላ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ሲታዘዝ ብዙዎች ቤትና ንብረታቸውን እየጣሉ ወደ መተማና ወደ ሱዳን ሸሹ፤ በወሎም እንደ ሸኽ ጦልሐ ኢብን ጃዕፈር ያሉ ዑለማዎች ትእዛዙን አንቀበልም ብለው ተነሡ። ያ ስደት ነው፤ ስደትን ከፈቃድ ጉዞ ጋር አንቀላቅል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፎ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ሙስሊሙም እንደ ሌላው ገበሬ የሚያርሰውን መሬት በስሙ ያዘ። የብዙዎቻችን አባቶች በመሬት ላይ ተረጋግተው መቀመጥን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ በልፋት የተገኘውን መቀመጫ ልጁ «ሰለቸኝ» ብሎ ሲነሣ የአባቶች ፊት ቢጠቁር አትፍረዱባቸው።

መተማን ካነሣሁ ስለ ተክሩሮች ጥቂት ልጨምር። እነዚህ ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው በእግራቸው ወደ ሐጅ የሚሄዱ ሙስሊሞች ናቸው። ስንቃቸው ሲያልቅ ቆመው እርሻ ይቆፍራሉ፣ ቁርኣን ያስቀራሉ፣ የቀን ሥራ ይሠራሉ፤ ጥቂት ሲቋጥሩ እንደገና ይነሣሉ። መንገዱ ዓመታት ስለሚፈጅ በጉልበቱ የተነሣው በሽበቱ ይደርሳል፤ በመንገድ ላይ ያገባም፣ የወለደም ብዙ ነው። ከነዚህ ሰዎች ከፊሎቹ መተማና ገላባት ላይ ሰፍረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገሩን እስከ ማስተዳደር ደርሰዋል። በየደረሰበት ሠርቶ እየበላ የሚጓዝ ሰው ማየት የሚፈልግ እነሱን ያስብ። ግን ተክሩሩን በየትኛውም መንደር አስቁማችሁ «ወዴት ነህ?» ብትሉት መልሱ አንድ ነው፤ መካ።

ይህ «ወዴት ነህ?» የሚለው ጥያቄ በኪታቦቻችን ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። በሻፊዒ መዝሀብ ሶላትን አሳጥሮ ለመስገድ መንገዱ ሁለት መርሐላ፣ በዛሬ ልክ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ይሞላል፤ ወረታ ግን አይሞላም። የሚደርስበትን የማያውቅ፣ እንዲሁ የሚንከራተት ሰው ደግሞ ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሄድ አያሳጥርም። በሐንበሊዎች ዘንድም ቤተሰቡን በመርከቡ ይዞ በየብስ ቤት የሌለው መርከበኛ እንደ ነዋሪ ሞልቶ ይሰግዳል። መርከቡ ቤቱ ሆኗልና። ፉቀሃዎቹ የተነጋገሩት ስለ ረከዓ ቁጥር ነው፤ እኔ ግን ከዚህ ሌላም ነገር እረዳለሁ። ሸሪዓ ለሙሳፊር የሚያዝንለት፣ ሶላቱን የሚያቀልለት፣ ጾሙን የሚያቆይለት፣ ከዘካ ስምንት ድርሻዎች አንዱን የሚሰጠው ከቤቱ ስለራቀ ነው። ለመራቅ መጀመሪያ ቤት ያስፈልጋል።

ባለፈው ዓመት አንድ ጨርቅ ሻጭ፣ ዕድሜው ሃምሳ አምስት ገደማ የሆነ ሰው፣ ከባለቤቱ ጋር መጥቶ ነበር። ፈቃዳቸውን አግኝቼ ነው የምናገረው። «ሼኽ፣ አርባ ዓመት በአንድ ሱቅ ተቀመጥኩ። ሐሙስ ሐሙሲት፣ ዓርብ አርብ ገበያ፣ ቅዳሜ ሌላ እያልኩ፣ ሲመቸኝም በዚህ በቻይና መንገድ እስከ ወልድያ እየወረድኩ እንደ አያቶቼ ልዙር» አለኝ። ቤቱን በሙሉ ሊያከራየው አስቧል። ባለቤቱን «አንቺስ እኅቴ?» አልኳት። «ይሂድ፤ እኔ እግሩን አላሰርኩም። ግን ሼኽ፣ ቤቱን ካከራየው ሲመለስ የሚመለሰው ወዴት ነው? እኔስ እስኪመለስ ከማን ደጅ ልቀመጥ?» አለች። ኪታቡን ሳትከፍት ኪታቡ ውስጥ ያለውን ተናገረች።

የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ቤቱ አይከራይ፤ ከተከራየም የሚስት ክፍልና የሚስት ቀለብ ተለይቶ ይቅር። መሄድህ ሐላል ነው፤ እሷን በሰው ደጅ ማስቀመጥህ ግን ሐላል አይደለም። ስለ ቆይታውም ዑመር (ረ.ዐ.) ያደረጉትን ነገርኩት። በሌሊት ሲዘዋወሩ ባሏ ዘምቶ የቀረባት ሴት ስታንጎራጉር ሰሙና ልጃቸውን ሐፍሷን «ሴት ያለ ባሏ ስንት ጊዜ ትታገሣለች?» ብለው ጠየቁ፤ አራት ወር፣ በሌላ ዘገባ ስድስት ወር የሚል መልስ ስላገኙ ወታደሩ ከዚያ በላይ እንዳይቆይ አዘዙ። ወጣት ሚስት ብቻ ናት የምትናፍቀው የሚል ካለ የሃምሳ ዓመት ሴት ጠይቆ ይረዳ። ስለ ጁሙዓም አንድ ነገር ጨመርኩ። አርብ ገበያ በስሙ እንደምናውቀው የዓርብ ገበያ ነው። አንድ ዓርብ ከንጋት በፊት ወጥቶ መንገድ ላይ መዋል አንድ ነገር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ጁሙዓን በሚዛንና በሜትር ማሳለፍ ግን ሌላ ነው። ነጋዴዎች ሆይ፣ ገበያ በሚውልበት ሁሉ መስገጃ ፈልጉ፤ ከሌለ ተሰብስባችሁ አቁሙ። አባቶቻችን በየማረፊያቸው ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ቁርኣን የአርባ ዓመትን ዕድሜ በስሙ የጠራው በሱረቱል አሕቃፍ 15ኛው አንቀጽ ነው። እዚያ ላይ አርባ የደረሰው ሰው የሚለምነው ምንድን ነው? ለእሱና ለወላጆቹ የተዋለለትን ጸጋ እንዲያመሰግን፣ መልካም ሥራ እንዲሠራ፣ ዘሩም እንዲስተካከልለት ነው። ከኋላው ወላጅ፣ ከፊቱ ልጅ አለ። የሃያ ዓመት ልጅ አንድ ሆኖ ይወጣል፤ የአርባ ዓመት ሰው ግን ብዙ ሆኖ ነው የሚወጣው። ያረጀች እናት ያለችው ሰው ለሱና ጉዞ እንኳ ፈቃዷን ሳይጠይቅ አይነሣ። እናቱን ለታናሽ እኅቱ ጥሎ «ሪዝቅ ፍለጋ ነው» የሚል አለ። ሪዝቁን እኅቱ እንደማትፈልግ ማን ነገረው?

ዕድሜ ራሱ እንቅፋት ነው የሚል ካለ ደግሞ ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ይመልከት። ለኸዲጃ (ረ.ዐ.) ንግድ ወደ ሻም ሲሄዱ ሃያ አምስት ዓመት ገደማቸው ነበር። የሕይወታቸውን ትልቁን ጉዞ፣ እ.ኤ.አ. በ622 የሆነውን ሂጅራ ሲያደርጉ ግን ዕድሜያቸው ሃምሳ ሦስት ገደማ ነበር። እንደገና ቤት ሠርተው፣ መስጊድ አቁመው፣ አዲስ ሕዝብ መርተዋል። በዚያ በአስጨናቂ ሌሊት፣ ሊገድሏቸው ቤታቸውን በከበቡበት ሰዓት ምን እንዳደረጉ ታውቃላችሁ። የመካ ሰዎች እሳቸው ዘንድ ያስቀመጡትን አማና ለየባለቤቱ እንዲመልስ ዐሊይን (ረ.ዐ.) አስቀሩ። ባለ አማናዎቹ ከእነዚያው ከሚያሳድዷቸው ሰዎች ወገን ነበሩ። እኛ ግን የጎረቤት ሦስት ሺህ ብር፣ የዕድር መዋጮ፣ የእኅት የውርስ ድርሻ ሳንመልስ መናኸሪያ እንቆማለን። ስልካችንን ስንቀይር ዕዳው የሚቀር ይመስለናል።

የእናቶችን ነገር በአጭሩ ልበል። ልጆቿን አሳድጋ ባሏ የሞተባት እናት ለሐጅ ወይም ልጆቿን ለመዞር ስትነሣ «በዚህ ዕድሜ?» የሚል ቤተሰብ አይቻለሁ፤ ይህ ሸሪዓ ሳይሆን ልማድ ነው። በሻፊዒ መዝሀብ ለፈርዱ ሐጅ ከታመኑ ሴቶች ጋር መሄድ ትችላለች። የሳዑዲ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2021 ሴቶች ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆነው ያለ መሕረም ለሐጅ መመዝገብን ፈቅዷል። ልጆች ሆይ፣ የእናት ጉዞ የልጅ ልጅ ለማሳደግ ብቻ አይሁን። አዲስ አበባ ወስዳችሁ ማጀት አታስገቧት።

የመንገዱን ደኅንነት ሳላነሣ አላልፍም። ኪታቦቻችን ሐጅ ግዴታ የሚሆንበትን መሥፈርት ሲቆጥሩ የመንገድ ሰላምን ይጨምራሉ። ታላቁ ፈርድ መንገድ አስፈሪ ሲሆን ከቆየ፣ የጨርቅ ገበያና የዘመድ ጥየቃማ እንዴት አይቆይ! በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ ማለዳ ወጥቶ ማታ መግባት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ብቻችሁን አትውጡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የብቻ መንገደኛን አልወደዱለትም፤ ሦስት ሆኖ መሄድን፣ አንዱንም መሪ ማድረግን አስተምረዋል። ሲራራ ነጋዴም በቅፍለት የሚሄደው ለዚሁ ነበር። የምትሄዱበትን፣ የምታድሩበትንና የምትመለሱበትን ቀን ለቤተሰብ ተናገሩ። ዱቤና ዕዳ ያለበት ሰው ሳይጽፍ አይነሣ፤ ሙስሊም ኑዛዜ የሚገባው ነገር ካለው ሁለት ሌሊት ሳይጽፍ እንዳያድር በሐዲስ ተመክሯልና።

ለዚሁ ጉዳይ ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረናል። ጉዞ ያሰበ ሰው፣ አጭርም ቢሆን ረጅም፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ መድረሳው ክፍል ይምጣ። መጻፍ ለማይችል የሚጽፉ ሁለት ልጆች ይቀመጣሉ። ያለበትን ዕዳ፣ ያለውን አማና፣ ለቤተሰቡ የተወውን ቀለብ ያስመዝግብ፤ ምስክር የሚሆኑ ሁለት ሰዎች ይዞ ይምጣ፤ ባለ ትዳር ከሆነም ባለቤቱ አብራ ትስማ። ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ይሆናል፤ አንዱ ቤት ይቀራል፣ አንዱን ተጓዡ ይይዛል።