ያልተመለሱት አውሮፕላኖች



የዛሬው ንግግሬ የተለመደውን የአስተሳሰብ መስመር ትቶ ችግርን ከጎን ስለ መመልከት ነው። ኤድዋርድ ደ ቦኖ ለዚህ ዓይነቱ አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. በ1967 ስም አወጣለት፤ ተግባሩ ግን ከስሙ ይቀድማል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ምርምር ቡድን ውስጥ ይሠራ የነበረው አብርሃም ዋልድ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 አውሮፕላኖች በውጊያ የሚደርስባቸውን ጉዳት አጥንቶ ነበር። አውሮፕላንን ሁሉ በብረት መሸፈን አይቻልም፤ ክብደቱ መብረር ይከለክለዋል። ታዲያ የትኛው ክፍል ይጠበቅ? ቀጥተኛው መልስ «ጥይት የበዛበት» የሚል ነው። ዋልድ ግን መረጃው የተገኘው ከተመለሱት አውሮፕላኖች ብቻ መሆኑን የስሌቱ መነሻ አደረገው። ክንፉ ተበሳስቶ የተመለሰ አውሮፕላን የሚመሰክረው ክንፉ ጉዳትን መሸከም እንደሚችል ነው። በሞተሩ ላይ ጥቂት ቀዳዳ ብቻ ከታየ ግን፣ ሞተራቸው የተመታባቸው ወድቀው ቀርተው ይሆናል።

ይህን ታሪክ ለዓመታት ሳስተምር፣ እኔው ራሴ በዚያው ስሕተት ውስጥ ነበርሁ። በየሴሚስተሩ መጨረሻ ለተማሪዎቼ መጠይቅ አድል ነበር። «ምሳሌ ይጨመርልን» ይሉኛል፤ እጨምራለሁ። አንድ ቀን መጠይቆቹን ከመጀመሪያው ሳምንት የስም ዝርዝር ጋር ሳስተያይ፣ ትምህርቱን አቋርጠው የሄዱት አንድም ጊዜ አለመጠየቃቸውን ተረዳሁ። ከእነርሱ አንዱን ፈልጌ አነጋገርሁት። «መምህር፣ የጎደለኝ ምሳሌ አልነበረም። መሠረታዊው ሒሳብ ገና በሁለተኛው ሳምንት ጠፋኝ፤ እንዳልጠይቅዎ አፈርሁ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ለመሠረታዊው ሒሳብ ሰጠሁ፤ መጠይቁንም ማንም ሳይሄድ በሦስተኛው ሳምንት አድላለሁ። ዛሬም የሚያቋርጡ አሉ፤ ነገር ግን ሳይጠየቁ አይሄዱም።

ውድ ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ጥናታችሁን ስትጀምሩ መረጃው ምን እንደሚል ከመጠየቃችሁ በፊት፣ በመረጃው ውስጥ ማን እንደሌለና ለምን እንደሌለ ጠይቁ። የምትፈልጉት መልስ ካልተመለሱት ዘንድ ሊሆን ይችላልና።