ጠረጴዛው ላይ ስላሉት የዓድዋ ሰዎች



መግቢያው ላይ ያያችኋቸው ምስሎች ቁመታቸው 54 ሚሊሜትር ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተዋጉትን ያሳያሉ፤ ቀለም የቀባናቸው ከልጆቻችን ጋር ነው።

ከሁሉ ያስቸገረን ነጭ ሸማው ነበር። ነጭ ብቻ ከተቀባ ኖራ ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ ግራጫ ቀባን፤ እጥፋቱ ውስጥ ጥላው እንዲቀር ነጩን በደረቅ ብሩሽ ከላይ ከላዩ ብቻ አስነካነው። በጥለቱ ስፋት እናቶች እስካሁን እየተከራከሩ ነው።

ፎቶ ስናነሳ ካሜራውን እስከ ምስሉ ዓይን ዝቅ እናደርጋለን፤ ከላይ ከተነሳ መጫወቻ ይመስላል። ፍላሽ አናበራም። የመስኮት ብርሃን ይበቃል፤ ካሜራውን በማቆሚያ አስረን የሌንሱን ቀዳዳ ስናጠብ ከጋሻው እስከ ጀርባው ጥርት ይላል።

ልጆቹን ያሳሰባቸው ግን ሌላ ነው። ቀይ ታርቡሽ ያደረጉት በጣልያን ስር የተዋጉ አስካሪዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከኤርትራ የተመለመሉ። «ባንዳ ናቸው? ምን ዓይነት ፊት እንቀባቸው?» አሉን። ቅድመ አያቱ አስካሪ የነበረ ልጅ እዚያው አብሯቸው ተቀምጧል። ተማከርንና የሁለቱንም ወገን ፊት ከአንድ ብልቃጥ ቀባን። ከተማረኩት አስካሪዎች ብዙዎቹ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው እንደተቆረጠም ለትልልቆቹ ነገርናቸው። ይህ ለበዓል አይሆንም ያሉ ወላጆች ነበሩ፤ እኛ ይነገር አልን።

ምስሎቹ እስከ ማታ ይቆያሉ። ልጆች፣ ስታነሷቸው መቆሚያቸውን ያዙ፤ ጦሩ ቶሎ ይጎብጣል።