«ልጆችሽ የት ናቸው?»



ዛሬ የምነግራችሁ በኢራን ሙጃሂዲን ኸልቅ ድርጅት ውስጥ ስለኖሩ ሴቶች ነው። ድርጅቱ በ1965 እ.ኤ.አ. ሻሁን ለመታገል ተመሠረተ። ከ1979ኙ አብዮት በኋላ ከኾሜኒ መንግሥት ጋር ተጣላ፤ ከሰኔ 1981 ጀምሮም ከአባላቱ ብዙ ወጣት ሴቶች ታሰሩ፣ ተገደሉም። ካመለጡት ብዙዎቹ ከ1986 በኋላ ኢራቅ ውስጥ፣ ከባግዳድ በስተሰሜን በሚገኘው የአሽራፍ ጦር ሰፈር ተሰበሰቡ።

በዚያ ሴቲቱ ታንክ ነዳች፣ ወንዶችንም አዘዘች። ለብዙዎች ይህ ትልቅ ክብር ነበረ፤ ዋጋው ግን ከባድ ሆነ። ከ1989 ጀምሮ ባለትዳሮች ተፋቱ። ድርጅቱ በፈቃዳቸው ነው ይላል፤ ጥለው የወጡ አባላት ግን መገደዳቸውን ይመሰክራሉ። በ1991፣ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ከቦምብ እንዲድኑ ተብሎ ወደ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ተላኩ። እናቶቹ በሰፈሩ ቀሩ። በ2003 የአሜሪካ ጦር ትጥቅ አስፈታቸው፤ እስከ 2016 ድረስ በኢራቅ የቀሩት ወደ አልባኒያ ተዛወሩ። እነዚያ ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው።

በየጣቢያው የምታገለግሉ ወገኖች ሆይ፣ ስደተኛ ሴት ስትመጣላችሁ «ከየትኛው ወገን ነሽ?» ከማለታችሁ በፊት «ልጆችሽ የት ናቸው?» ብላችሁ ጠይቋት። ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ የሄዱበትን አገር በመዝገብ ጻፉ። ከብዙ ዓመታት በኋላ እናትና ልጅን የሚያገናኘው ያ ወረቀት ሊሆን ይችላል።