ከበደሳ እስከ ጀጎል በእግር
(በሰፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ላልተገኙ አባላት በሰሌዳ እንዲለጠፍ ተወስኗል።)



ባለፈው ስብሰባ የእግር ጉዞውን ሐሳብ ስናነሳ ከወደ ኋላ የሳቀ ነበር። አንድ አባታችንም፣ «ዕድሜ ልካችንን በእግር ስንሄድ ኖረን፣ አሁን ደግሞ ለመዝናናት በእግር ሂዱ ትሉናላችሁ?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ኮሚቴው መልሱን ይዞ ቀርቧል።

ነገሩ የተነሳው እንግሊዝ አገር የሚኖር አንድ የሰፈራችን ልጅ ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ ካጫወተን ወሬ ነው። ሮማውያን ያን አገር ይገዙ በነበረ ጊዜ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ122 ዓ.ም.፣ ንጉሣቸው ሐድሪያን የግዛቱን ድንበር በግንብ ለማጠር ተነሳ። ግንቡ ከባሕር እስከ ባሕር 117 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በየአንድ ኪሎ ሜትር ተኩሉ ገደማ በር ያለው ትንሽ ምሽግ፣ በየምሽጉ መካከልም ሁለት ሁለት ማማ ነበረው። እኛ ኬላ የምንለው መሆኑ ነው። ሮማውያን ሲሄዱ ያገሩ ሰው ድንጋዩን እየፈነቀለ ቤትና በረት ሠራበት፣ ቤተ ክርስቲያንም አነጸበት፤ መንግሥትም መንገድ ሲያወጣ ከዚያው ወሰደ። ጆን ክሌይተን የሚባል ሰው ከዛሬ መቶ ሰማንያ ዓመት በላይ አስቀድሞ ግንቡ ያለበትን መሬት እየገዛ ባያስጥል ኖሮ፣ ዛሬ የሚታየው እንኳ ባልተረፈ ነበር።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ግንቡን ተከትሎ 135 ኪሎ ሜትር የእግረኛ መንገድ ተከፈተ። ሰው አስጎብኚ ሳይቀጥር ካርታውን ይዞ በራሱ ይሄዳል። ሰባት ቀን ገደማ ይፈጃል። ማታ ማታ በየመንደሩ እየተከራየ ያድራል፤ ሻንጣውን የከበደው እንደሆነ በመኪና የሚያደርስለት አለ። ተጓዡ አንዲት ደብተር ይይዝና በመንገዱ በሰባት ቦታ ማኅተም ያስመታባታል። (ማኅተም ከእኛ ቢሮ ብቻ የሚገኝ ለመሰላችሁ!) ተጓዦች ግንቡ ላይ እንዳይወጡ ይጠየቃሉ። በዝናብ ወራት ባይሄዱ ይመረጣል፤ መሬቱ ሲርስ እግር የተቀበረውን ስለሚያበላሽ ነው።

ታዲያ እኛስ ምን አለን? ብዙ አለን።

አንደኛው ራሱ መንገዱ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት የሐረርና የሸዋ ቅፍለት በጨርጨር ደጋ ያልፍ ነበር። ሐረር የኖረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ከጁል ቦሬሊ ጋር በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ተነስቶ ሐረር የገባው በዚሁ በእኛ በኩል ነው። ባቡሩ በቆላው ሲሄድ ሲራራ ነጋዴውም ተከተለው፣ በኋላም መኪና መጣ። የእግር መንገዱ ግን እስከ ዛሬ በአስፋልቱ ጥምዝ መካከል አቋራጭ ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛው መድረሻው ነው። የጀጎልን ግንብ ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ ዘመኑም 16ኛው መቶ ዓመት ነው። ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን አምስት የጥንት በሮች አሉት። ከእኛ በኩል የሚመጣ በሸዋ በር ይገባል፤ ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ይሉታል። ድሮ በሮቹ ማታ ይዘጉ ነበር። ለጅብ ግን በግንቡ ሥር ቀዳዳ ተትቶለታል፤ ሮማውያን ይህን ያሰቡ አይመስለንም። ግንቡ የተሠራው ከውጭ የሚመጣውን ማለትም እንደ እኛ አያቶች ያለውን ለማስቆም ነበር። ዛሬ ቡናችንን ይዘን ሰተት ብለን እንገባለን፤ ቡናችንም በዓለም ገበያ በሐረር ስም ይጠራል። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ሦስተኛው በመካከል ያለው ነው። ገና ስንነሳ ኦዳ ቡልቱም አለ፤ ኢቱ በገዳ ሥርዓት ተሰብስቦ ሕጉን ያወጣበት ቦታ። በእንግሊዙ ግንብ አጠገብም በሁለት ጉብታ መካከል የበቀለ አንድ ዝነኛ ዛፍ ነበር። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሁለት ሰዎች በሌሊት በመጋዝ ጣሉት። አገሩ በሙሉ አዘነ፤ ሰዎቹም አራት ዓመት ከሦስት ወር ተፈረደባቸው። ይህን ስንሰማ ሁላችንም ያሰብነው ኦዳችንን ነው።

እንዲሁም በጨርጨር ኮረብታዎች ላይ ዳጋ ቱሊ የሚባሉት የድንጋይ ክምሮች አሉ። የጥንት ሰው መቃብር ናቸው። በ1920ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር አባ አዛይስ የሚባሉ ፈረንሳዊ ቄስ ጻፉባቸው፤ በኋላም ሮዤ ዡሶም የሚባል የአገራቸው ሰው ቆፍሮ አጥንቷቸዋል። ሺህ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል።

ባለፈው ጥር ከኮሚቴው አራት ሆነን እስከ ሂርና ሞክረነዋል። በኩኒ አድርገን፣ አሰበ ተፈሪ አድረን ነው የቀጠልነው። በኩኒ የደጋ አጋዘን መጠለያ ቢኖርም አጋዘን አላየንም፤ ዝንጀሮ ግን በሽ ነው። በአንድ ደጃፍ ውሃ ብንጠይቅ ሴትዮዋ ሆጃ አፍልተው ሰጡን፣ ገንዘብ ብንዘረጋ ተቆጡን። ከዚያ ወዲያ ግን አንድ ኮረብታ ላይ ክምሩ ፈርሶ ግማሹ ለቤት መሠረት ውሎ አገኘን። ባለቤቱን ጠየቅነው። «ድንጋይ እኮ ነው» አለን። መቃብር መሆኑን ስንነግረው ዝም አለና፣ «የሚያየው ሰው ካልመጣ ለማን ብዬ ነው የምጠብቀው?» አለ። መልስ አልነበረንም። እንግሊዞቹ ግን በእግራቸው የመለሱለት ይመስለናል፤ በየዓመቱ ሰው ባለፈ ቁጥር ማደሪያ ያከራየው ገበሬ ግንቡን የራሱ ንብረት አድርጎ ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ እናቶች ጥያቄ እንመጣለን፤ ከሁሉም የከበደው እሱ ነው። በሰፈራችን «መንገድ ሄደ» ሲባል የሚታወቀው ሌላ ነው። ልጆቻችን በጅቡቲ አድርገው፣ በኦቦክ ባሕር ተሻግረው፣ በየመን ወደ ሳውዲ ይሄዳሉ። በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ የተመለሰው ኢትዮጵያዊ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ነበር። ያልተመለሰውን ከመካከላችን የሚያውቁት ያውቁታል። ስለዚህ «ልጄን መንገድ አታስለምዱብኝ» ያሉንን እናት አንወቅሳቸውም። የምንለው ይህን ነው፦ ያ መንገድ በሌሊት፣ በደላላ እጅ፣ ለቤተሰብ ሳይነገር የሚኬድ ነው። ይህኛው በቀን፣ በስም ዝርዝር፣ በየቀኑ እየደወሉ የሚኬድ ነው፤ መመለሻው ቀንም አስቀድሞ ይለጠፋል። ልጁ ስንቅ መቆጠብን፣ ካርታ ማንበብን፣ የማያውቀውን ሰው ደጅ በሥርዓት ማንኳኳትን ይማራል። የዚህ መንገድ ሰው በመሆን ወደፊት እንጀራ የሚበላበት ከተገኘም ጥሩ ነው፤ ያንን ግን ቃል አንገባም።

ለጉዞው የተወሰነው እንደሚከተለው ነው። መነሻው ቡና ለቀማው አልቆ መንገዱ ሲደርቅ ነው። ከአሰበ ተፈሪ እስከ ሐረር በመኪና መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በቀን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ብንሄድ ከስምንት እስከ አስር ቀን ይፈጃል፤ ከበደሳ አሰበ ተፈሪ ያለው ለብቻ ይታሰባል። ከሂርና ወዲያ ያለው መሥመር በቆቦ፣ በጨለንቆ፣ በቁልቢ፣ በሐሮማያና በአወዳይ ነው። ጨለንቆ ላይ ዘፈንና ጨዋታ አይኖርም፤ በ1879 ዓ.ም. በጦርነት ብዙ ሕዝብ ያለቀበት ሜዳ ነው። ቁልቢ ስለት ያለው ይሳላል፣ የሌለው ያርፋል። ይህን መንገድ በታኅሣሥና በሐምሌ 19 በእግር የሄዱ አባላት ስላሉን የማደሪያውን ነገር እነሱ ይነግሩናል።

አስጎብኚ አይኖርም። ካርታውን ጡረታ የወጡት መምህራችን እየሣሉት ነው። የየወረዳው ጸጥታ ጽሕፈት ቤት «መንገዱ ሰላም ነው» ሳይለን አንድም ሰው አይነሳም። ከክምርም ሆነ ከግንብ አንዲት ጠጠር ያነሳ ከዚያው ይመለሳል።

ስንቁ በሶ፣ ጭኮና ቆሎ ነው። ሁለት ሊትር ውሃ የሚይዝ ዕቃ፣ ጋቢ፣ መታወቂያና የተለማመዱት ጫማ ያስፈልጋል። ኮንጎ ጫማ ለአስር ቀን አይሆንም፤ አቅም ያነሰው ለጸሐፊው በግል ይንገር፣ ማኅበሩ ያስብበታል። ደብተሩን እኛ እናዘጋጃለን፤ የመጀመሪያው ማኅተም እዚሁ ቢሮ ይመታል። ምዝገባው ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ያለ ወላጅ ፊርማ አይመዘገብም። እስከ ትናንት ማታ አሥራ አንድ ሰዎች ተመዝግበዋል፤ ከነሱም አንዱ ባለፈው ስብሰባ የጠየቁን አባታችን ናቸው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ በኮሚቴው ስም